ጣቷ አልጋ ያዘች

እህቴ በምትሠራበት ሆቴል በስሟ የሚጠራት የለም። «ጣቷ» ነው የሚሏት። ገና ከአሳንሰሩ ስትወጣ አልጋ አንጣፊዎቹ «ጣቷ መጣች! ጣቷ መጣች!» ይባባሉና ያልተጠረገው ይጠረጋል፣ የተጣመመው ይቃናል። ስሙ የወጣላት በቀኝ እጇ ሌባ ጣት ምክንያት ነው። ክፍል ስትፈትሽ ያንን ጣት ማንም ዞር ብሎ በማያየው ቦታ ሁሉ ታስኬደዋለች፤ በበሩ አናት፣ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ፣ በመጋረጃው ዘንግ ላይ። ከዚያ ወደ ብርሃን አንስታ ታየዋለች። አቧራ ካለበት ምንም አትናገርም። ጣቷን ለልጅቷ አሳይታት ትወጣለች። ከስድብ የሚብሰው ይሄ ነው ይላሉ። እኔም በደንብ አውቀዋለሁ፤ ያሳደገችኝ እሷ ናት።

እናታችን ስትሞት እኔ የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ፣ እትዬ ደግሞ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። በዚያው ዓመት ሆቴሉ የልብስ መተኮሻ ክፍል ተቀጠረች። ቀን የሆቴሉን አንሶላ ስትተኩስ ትውልና ቤት ስትመለስ ደግሞ የእኔን አልጋ ትፈትሻለች። ያነጠፍኩትን ሦስት ጊዜ አፍርሳ ያስነጠፈችኝን ቀን አልረሳውም። «ማዕዘኑ!» ትላለች። የሰባት ዓመት ልጅ ስለ ማዕዘን ምን ያውቃል? ዛሬ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የተማሪና የሠራተኛ ዩኒፎርም ነው የምንሰፋው። አሁንም ኮሌታ ሳዞር ከኋላዬ የቆመች ይመስለኛል።

ከመተኮሻ ወደ አልጋ ማንጠፍ፣ ከዚያም ወደ ተቆጣጣሪነት ወጣች። እንዲህ እንዲህ እያለች ሆቴሉ ውስጥ ሃያ አራት ዓመት ሞላት። በሰው አልጋ ይህን ያህል ዘመን የለፋች ሴት አንድም ቀን እንግዳ ሆና ሆቴል አድራ አታውቅም። ሠርጓ እንኳ ካለቀ በኋላ ያደረችው አክስታችን ቤት ነው። ባሏ እንደሚያወራው ከሆነ ያን ምሽት መጀመሪያ ያደረገችው ነገር አንሶላውን ገልጦ ፍራሹን ማየት ነበር።

አባታችን ካርታ ነዳፊ ነበር። ሌሎች ሜዳ ወርደው፣ ተራራ ወጥተው ለክተው ያመጡትን እሱ ቢሮ ተቀምጦ በቀጭን ብዕር ወረቀት ላይ ያሰፍረዋል። ሠላሳ አንድ ዓመት። ከሁሉ አብልጦ የሚወደው አንድ ቦታ አለ፤ ዝናብ የማይለየው ጥቅጥቅ ያለ ደን ቁልቁል ወርዶ ከባህሩ ጋር የሚገናኝበት ዳርቻ። አረንጓዴውን ነጥብ በነጥብ፣ ሰማያዊውን መስመር በመስመር የሳለው እሱ ነው። ካርታው በታደሰ ቁጥር እንደገና ይስለዋል። እያንዳንዷን ኩርባ በቃሉ ያውቃታል። ሄዶ ግን አያውቅም። «ጡረታ ስወጣ» ይል ነበር። ጡረታ ሲወጣ ጉልበቱን አመመው። ጉልበቱ ሻል ሲለው ደግሞ የዓይን ሕመም መጣ።

ግላኮማ ነው ተባለ። የዓይን ሐኪሟ ብልጭ ድርግም የምታደርጋትን መብራት አጥፍታ ወደ እኛ ዞረችና፣ «ማየት የሚፈልጉት ነገር ካለ ቶሎ ያሳዩዋቸው። ለከርሞ ቃል አልገባላችሁም» አለችን። አባባ አገጩን አሻሸ። ስንወጣ እትዬ ደረጃው ላይ ቆመች።

«ባህሩን ያያል» አለች። «ደኑንም ያያል። ሁላችንም አብረነው እንሄዳለን። ሆቴሉን እኔ ነኝ የምመርጠው፤ ማንም እንዳይነካው።»

ማን ይነካዋል! ማንስ ቢነካው ከእጇ በሕይወት ይወጣል? ጉዳችን የጀመረው ከዚያ ቀን ነው።

ቤተሰቡ እኮ ብዙ አይደለም። አባባ፣ እኔ፣ እትዬ፣ ባሏና ሚጢጢ የምንላት ልጃቸው፤ አምስት ሰው። አምስት ሰው የሚያሳድር ሆቴል በዓለም ላይ ጠፋ። በየቀኑ ከሥራ ስትወጣ መጀመሪያ ወደ ቤቷ ሳይሆን እኔና አባባ ወደምንኖርበት ቤት ትመጣለች። ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ስልኳን አውጥታ የሆቴሎቹን ፎቶ በሁለት ጣቷ እየለጠጠች ትመረምራለች። መቀመጥ አይሆንላትም፤ ከመስኮቱ ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ መስኮቱ ትመላለሳለች። እሷን በዓይኔ ስከተል አንገቴ ይዝላል።

«ይሄ መጋረጃ እስከ መሬት ያልደረሰው ለምን ይመስልሻል? ግድግዳው ከሥር ርሷል፤ መጋረጃው እንዳይሻግት አሳጥረውት ነው።»

«እሺ፣ ሌላ ፈልጊ።»

«ይሄኛው ፎጣውን አጣጥፎ ዳክዬ አድርጎታል። ፎጣን ዳክዬ የሚያደርግ ሰው የፎጣውን ማለቅ ሊደብቅ ነው። ዘርግቶ ለምን አያሳየኝም?»

ባለ መዋኛ ገንዳውን አንዱን ሆቴል ደግሞ ወደነው ነበር። ሚጢጢማ ዋና ልብሷን ለብሳ ሳሎን ለሳሎን መዋል ጀምራ ነበር። እትዬ ግን ውሃው ከሰማዩ ይልቅ ሰማያዊ ነው፣ በዚህ ሁሉ የገንዳ መድኃኒት የታጠበ የልጅ ዓይን ምን ይሆናል ብላ ሰረዘችው። ልጅቷ ሁለት ቀን አኮረፈች። ሆቴሎቹ ጋር እየደወለችም ቁም ስቅላቸውን ታሳያቸዋለች። «ፍራሹን ለመጨረሻ ጊዜ ያገላበጣችሁት መቼ ነው?» ብላ ስትጠይቅ አንዱ ምስኪን እንግዳ ተቀባይ ድምፁ ተንቀጥቅጦ «እመቤቴ፣ ከጤና ቢሮ ነው የሚደውሉት?» እንዳላት በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

የመረጠችውን በደብተር ትጽፋለች፣ በማግስቱ በቀይ ትሰርዛለች። ወር አለፈ። ሁለተኛው፣ ሦስተኛው፣ አራተኛው ወር አለፈ። ባሏ አውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ዝምተኛ ሰው ነው፤ ሲናገር ግን አያድርስ ነው። አንድ ቀን፣ «በዚህ ሁሉ ጊዜ በእግራችን ብንጀምር ኖሮ ደርሰን ነበር» አለ። እትዬ በዓይኗ ወጋችው። እኔ ሳቄን ዋጥኩ፤ ውስጤ ግን አልሳቀም። የሐኪሟ ቃል ከጆሮዬ አልጠፋ አለኝ።

አባባ ግን ማንንም አላጣደፈም። ወንበሩን ወደ መስኮቱ አስጠግቶ፣ ጋዜጣውን ጭኑ ላይ ዘርግቶ ያዳምጣታል። ፎቶ ስታሳየው «ቆንጆ ነው» ይላል። ሌላ ስታሳየው «ይሄም ቆንጆ ነው» ይላል። አንድ ጊዜ ተሳስታ የሆቴላቸውን የሠራተኞች የፈረቃ ዝርዝር ስታሳየው «ቆንጆ ነው» አላት። ሰልችቶታል ብዬ አሰብኩ፤ ማን አይሰለቸው? ጽሑፉን ስታነብለት ግን ይነቃል። «እስቲ ድገሚልኝ፣ ከበረንዳው ምን ይታያል አልሽ? ባህሩ በየት በኩል ነው? ደኑስ?» ይላታል።

አንድ አመሻሽ ላይ ልክ ደኑና ባህሩ በሚገናኙበት ቦታ የተሠራች ትንሽ ማረፊያ አገኘች። ጣራዋ ቆርቆሮ ነው። «ያደሩ ሰዎች የጻፉትን ስሙት» ብላ እየተንጎራደደች አነበበች። «‹ማዕበሉ ግድግዳውን የሚደበድብ ነው የሚመስለው፤ እንቅልፍ የሚባል ነገር የለም። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ከሚስቴ ጋር መነጋገር አልቻልንም።›»

«እሱስ ደግ ነው» አለ ባሏ።

«ዝም በል። ‹እንቁራሪቶቹ ይንጫጫሉ፤ እነሱ ዝም ሲሉ ወፎቹ ይቀበላሉ፤ ከቅጠሉ እንኳ ውሃ ይንጠባጠባል፤ ባጠቃላይ ጫጫታ ነው።› ሰማችሁ? ሰው እንዴት እዚህ ገንዘቡን ከፍሎ ይተኛል?» ቀዩን እስክሪብቶ አወጣች።

አባባ ሳቀ። «ቆይ አትሰርዢው፣ አንዴ ድገሚልኝ» አላት። ደገመችለት። ዓይኑን ጨፍኖ ሰማ። ከዚያ ሰረዘችው።

በአምስተኛው ወር እትዬ ከሰውነት ጎዳና ወጣች። ራሴን አመመኝ ትላለች፣ ሲያዞራት ግድግዳ ትደገፋለች፣ አልበላ ብላለች። አንድ ቀን ቆሽቴ አረረና፣ «አንቺ ሴትዮ፣ አልጋ ስትመርጪ አልጋ እንዳትይዢ!» አልኳት። «ለምን አንዱን ይዘሽ አትገላገይም? ፍጹም የሆነ ክፍል የለም፤ ከአንቺ በላይ ይሄን የሚያውቅ አለ?»

ቆመች። ያን ሁሉ ወር ስትንጎራደድ ከርማ ያኔ ቆመች። «አንዴ ነው እኮ የሚያየው» አለች። «አንዴ አይቶ ያበቃል። ያን አንዴ አበላሽቼበት…» አልጨረሰችውም። ስልኳን አንስታ ወጣች። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። የምትፈራው የሻገተ ግድግዳ አልነበረም። ክፍሉ ከተያዘ ጉዞው ይመጣል፣ ጉዞው ከመጣ ደግሞ ያልቃል፤ ካለቀ በኋላ ለአባባ የሚቀርለት ነገር የለም። ጣቷ ሆቴል ስትሰርዝ የምትሰርዘው ያንን ቀን ነበር። በጣም አዘንኩላት፤ በጣምም ተናደድኩባት።

በሳምንቱ ሐሙስ፣ ከምሳ በኋላ የስፌት መኪናዬ ላይ ተቀምጬ ኮሌታ ስሰፋ ስልኬ ጮኸ። ከእትዬ የመጣ መልእክት ነው። «በቃ አልጋ ይዣለሁ። ለአባባ ቀስ ብለሽ ንገሪው» ይላል።

መርፌው ኮሌታው ውስጥ እንደተሰካ ተነሳሁ። ደወልኩላት፣ አታነሳም። የሆቴሉ ዋና ስልክ ላይ ደወልኩ።

«ጣቷን ነው? አልጋ ክፍል ናቸው» አለችኝ ስልክ ያነሳችው ልጅ።

«ደህና ናት?»

«እኔ እንጃ። ዛሬ ፊታቸው ልክ አይደለም ሲሉ ሰምቻለሁ።»

አልጋ ክፍል ማለት የመኝታ ክፍሎቹ የሥራ ክፍል መሆኑን እንደ ስሜ አውቃለሁ፤ ሃያ አራት ዓመት ስሰማው የኖርኩት ነው። በድንጋጤ ግን ሰው የሚያውቀውንም አያውቅም። እህቴ አልጋ ላይ ተዘርራ ታየችኝ። ወደ ቤት በረርኩ። አባባ ጋዜጣውን እንደያዘ መስኮቱ ሥር ተቀምጧል። ቀስ ብዬ ልነግረው አስቤ ነበር፤ አፌ ግን ቀደመኝ።

«አባባ፣ እትዬ ታማ አልጋ ይዛለች። ሥራ ቦታ ነች።»

አንድም ነገር አልጠየቀኝም። ተነሣ፣ ኮቱንና ኮፍያውን ከማንጠልጠያው አወረደ፣ በር ሥር ካለው ጫማ እግሩን ከተተና ወጣ። ታክሲ ውስጥ ቁልቁል ሳይ አንዱ ጫማው ጥቁር፣ አንዱ ቡናማ ነው። ድንጋጤ ነው አልኩ በልቤ። እኔም እኮ መቀሴ አንገቴ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው የወጣሁት።

በጀርባ በር በሠራተኞቹ መግቢያ ገባን። ጥበቃው ያውቀኛል፤ ያም ሆኖ መዝገብ ላይ ፈርሚ ብሎ ያዘኝ። አባባ አልጠበቀኝም። ፈርሜ ቀና ስል ግድግዳውን በእጁ እየዳበሰ ኮሪደሩን ተያይዞታል። ያ ኮሪደር ረጅም ነው፤ በአንድ በኩል የአንሶላ መደርደሪያ፣ በሌላው በኩል ሰፋፊ መስኮቶች አሉት። ፀሐይ ቁልጭ ብላ ገብታለች።

ከወዲያ ጫፍ አንዲት ሴት የፎጣ ጋሪ እየገፋች መጣች። ሰማያዊ ዩኒፎርም፣ ነጭ ኮሌታ። ያንን ኮሌታ የሰፋሁት እኔ ነኝ። እትዬ ናት። በሁለት እግሯ ቆማ፣ ደህና ሆና። እግዜር ይመስገን አልኩና ልጠራት አፌን ስከፍት አባባ አጠገቧ ደረሰ።

አንድ እርምጃ ነበር የቀራቸው። አባባ ኮፍያውን አወለቀላት።

«ይቅርታ እህቴ» አላት። «ልጄ ታማ አልጋ ይዛለች ብለውኝ ነው የመጣሁት። እዚህ ጣቷ ነው የሚሏት። የት እንዳስተኟት ያውቃሉ?»

አንገቴ ላይ ያለውን መቀስ ጨበጥኩ። እትዬም አፏን ያዘች። የመስኮቱ ብርሃን ሙሉ ፊቷ ላይ ነበር። አባባ መልስ እየጠበቀ ፈገግ ብሎ፣ ከትከሻዋ ትንሽ ወደ ጎን ያለውን ግድግዳ እያየ ቆሟል። እንዲህ ለማያውቃት ሴት የሚሰጠውን ትሕትና ለገዛ ልጁ ሲሰጥ ማየት አንጀቴን በላው።

«አባባ» አለች በስተመጨረሻ።

ፈገግታው ጠፋ። እጁን ዘርግቶ ፊቷን ፈለገ፣ ግንባሯን አገኘ። «አንቺ ነሽ? ትኩሳት እንኳ የለሽም። ታዲያ ምን ሆነሽ ነው አልጋ የያዝሽው?»

«ክፍል ነው! የሆቴል አልጋ ነው የያዝኩት፣ አባባ! ለጉዞው! ባለ ባህር እይታውን!» ብላ ወደ እኔ ዞረች። «ቀስ ብለሽ ንገሪው ያልኩሽ በደስታ እንዳይደነግጥ ብዬ ነው፤ አንቺ ቀውስ!»

አባባ ከልቡ ሳቀ። ጥበቃው ሳይቀር ሳቀ። እትዬ አልሳቀችም። ጋሪውን በሁለት እጇ እንደጨበጠች የጫማውን ቀለም ታያለች፤ አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ቡናማ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለችው።

«ምኑ?»

«እኔን ካላየኸኝ።»

አባባ ኮፍያውን በእጁ አዞረው። አንድ ጊዜ ሊዋሽ አስቦ እንደተወው ያስታውቃል። «ባለ መዋኛውን ሆቴል የሰረዝሽ ሰሞን ይመስለኛል» አለ። «ብርሃንና ጥላ አሁንም አለኝ። መልክ ግን ሄዷል።»

ባለ መዋኛው ሦስተኛው ወር ላይ ነበር። ሁለት ወር ሙሉ አብሬው በልቻለሁ፣ አብሬው ጠጥቻለሁ፣ ጋዜጣ ሲገልጥ አይቻለሁ። እኔ ደንቆሮዋ አንድ ጣራ ሥር ሆኜ አላወቅኩም። ቤቱን እንደ ካርታው በቃሉ ይዞታልና አንድም ቀን ተሰናክሎ አላየሁትም።

«ለምን አልነገርከኝም?» እትዬ አሁን ታለቅሳለች። «ያኔ ብትነግረኝ የመጀመሪያውን እይዘው ነበር! ምንም ይሁን እይዘው ነበር!»

«ብነግርሽ መፈለግሽን ትተሽ ማልቀስ ትጀምሪያለሽ፤ ይኸው» አላት። «ማምሻውን እየመጣሽ ስታነቢልኝ እኮ ደስ ይለኝ ነበር። የሰረዝሻቸውን ሁሉ አንድ በአንድ ሄጄባቸዋለሁ።»

እትዬ አንሶላ መደርደሪያው ሥር የተገለበጠ ቅርጫት ላይ ተቀመጠች። እህቴን በሥራ ሰዓት ተቀምጣ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው። ሁለት አልጋ አንጣፊዎች ብቅ ብለው አዩዋትና በድንጋጤ ተመለሱ። ያለቀሰችውን አለቀሰች፣ በኮሌታዋ ጠረገች፣ ከዚያ የጥበቃውን ስልክ ጠይቃ ያንን ባለ ባህር እይታ ሆቴል ደወለች።

«ዛሬ የያዝኩትን አልጋ ሰርዙልኝ» አለች። ከወዲያ በኩል ምን ቅሬታ እንዳላት ሳይጠይቋት አልቀረም። «ምንም። መስኮታችን ድርብ መስታወት ነው፣ የባህሩን ድምፅ አያስገባም ብላችሁኝ ነበር አይደል? ቅሬታዬ እሱ ነው።»

ዘጋችና ደብተሯን ከኪሷ አወጣች። ገጾቹን ወደ ኋላ ገለጠች፤ ገጹ ሁሉ ቀይ በቀይ ነው። ከቀዩ ሥር አንድ ቁጥር ፈልጋ ደወለች። የዚህኛው ሰውዬ ድምፅ ጎርናና ስለነበር እኔም አባባም እንሰማዋለን።

«የእናንተ ቤት ጫጫታ አለው የተባለው እውነት ነው?» አለችው።

«ኧረ እመቤቴ፣ እሱን ለማስተካከል እየሞከርን ነው። ለእንግዶቻችን የጆሮ መድፈኛ እንሰጣለን…»

«እኛ አንፈልግም። እንቁራሪቶቹ አሉ?»

«አሉ… ይቅርታ።»

«ለባህሩ በጣም የቀረበው ክፍል የትኛው ነው?»

«አራት ቁጥር። ግን እሱን ለሰው አንመክርም። ከሱ የሚብስ ጫጫታ የለም።»

«እሱን ያዝልኝ» አለች እትዬ። ስለ ፍራሹ አልጠየቀችውም።

በአሥረኛው ቀን በባሏ አውቶቡስ ሳይሆን በሌላ ሰው አውቶቡስ ሄድን፤ ባሏ መንገዱን ሙሉ የሹፌሩን አነዳድ ሲተች ደረስን። አራት ቁጥር ጠባብ ክፍል ነው። መጋረጃው እስከ መሬት አይደርስም። ፎጣው ዳክዬ ሆኗል። ገና ሻንጣችንን ሳናስቀምጥ ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ወረደ፤ ማዕበሉ ከታች ይመልስለታል። ሚጢጢ የምትለው ነገር አይሰማንም፣ አፏ ብቻ ይንቀሳቀሳል። እትዬ በሩ ላይ ቆማ ቀኝ እጇን ወደ በሩ አናት ስታነሳ አየሁ፤ ልማድ ነው።

«ነይ እስቲ፣ ያንን ጣትሽን አምጪው» አላት አባባ ድምፁን ከፍ አድርጎ። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጧል። አጠገቡ ተቀመጠች። ጣቷን ያዘና ጭብጥ አድርጎ በተነጠፈው ነጭ አንሶላ ላይ አስኬደው፤ ወደ ላይ፣ ወደ ጎን፣ በአንድ ኩርባ ዞሮ ቁልቁል። ሠላሳ አንድ ዓመት ሲስለው የኖረው የዳርቻው መስመር ነው። አንድ ቦታ ሲደርስ ቆመ፣ ጆሮውን ወደ ማዕበሉ አዘነበለ፣ ጣቷን ትንሽ ወደ ቀኝ ገፋ አደረገው።

«እዚህ ጋ ነን» አላት።

አንሶላው ተጨማደደ። እትዬም አላቃናችውም።